ከፍተኛ ጥራት ያለው የድምጽ ዲስክ በቤት ሲዘጋጅ፦ ሶፍትዌሩ ሲያስቸግር ጥፋቱን የማግኛ መንገድ

ዲስክ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ችግር ሲገጥመው ምን እንደሆነ በግልጽ አይናገርም። አንዱ የስህተት ቁጥር ብቻ አሳይቶ ይዘጋል፤ ሌላው «ሥራው ተጠናቋል» ካለ በኋላ ምንም ድምጽ የማይወጣው ዲስክ ያስረክባል። በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን ሌላ ባዶ ዲስክ አስገብተን ያንኑ ሥራ እንደግማለን፤ ካልሆነም ሶፍትዌሩን አጥፍተን እንደገና እንጭናለን። ሁለቱም ግን ጥፋቱ የት እንዳለ አይነግሩንም። ሙዚቃው ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ጆሯችን እስኪደርስ በአራት እጅ ያልፋል፦ በምንጩ ፋይል፣ ሶፍትዌሩ በሚያዋቅረው የዲስክ ይዘት፣ በርን በሚደረገው (ይዘቱ በሚጻፍበት) ዲስክ፣ በመጨረሻም በማጫወቻው። አራቱንም ለየብቻ መፈተሽ ይቻላል፤ መፈተሽ ያለባቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እስካሁን እንዳየሁት ከሆነ በሶፍትዌሩ ከሚሳበበው ጥፋት የሚበዛው ሶፍትዌሩ ገና ሳይከፈት ፋይሉ ውስጥ የነበረ ነው፤ ስለዚህ ለፋይሉ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

የዲስኩን ዓይነት ሳይለዩ መጀመር

በቤት ውስጥ በተለመደ የዲቪዲ በርነር የሚሠሩት ዲስኮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር መግለጫው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዲቪዲ ኦዲዮ ነው። ቢቱ እያንዳንዱ የድምጽ ናሙና በምን ያህል ዝርዝር እንደተለካ፣ ኪሎኸርዙ (ሳምፕል ሬቱ) ደግሞ ናሙናው በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተወሰደ ይናገራል፤ ይህ ዲስክ በስቴሪዮ እስከ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ፣ በስድስት ቻናል ደግሞ እስከ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ይይዛል፤ ከሲዲ የሚወለዱትን 44.1፣ 88.2 እና 176.4 ኪሎኸርዝንም ይቀበላል። ይሁን እንጂ የሚያነበው ይህን ዓይነት ዲስክ እንዲያውቅ ሆኖ የተሠራ ማጫወቻ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተራ የቪዲዮ ዲቪዲ ሆኖ፣ ምስሉ አንድ የቆመ ሥዕል ወይም ጥቁር ገጽ የሆነ፣ ድምጹ ግን ፒሲኤም የተባለው ያልታመቀ ዲጂታል ድምጽ የሆነ ዲስክ ነው። ይህኛው በማንኛውም የዲቪዲ ማጫወቻ ይከፈታል፤ የሚቀበለው ግን 48 እና 96 ኪሎኸርዝን ብቻ ነው።

ዲቪዲኤ ኦተር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ዓይነት ይሠራል፤ ኤልፕሌክስ የተባለው ደግሞ ሁለተኛውን። 88.2 ኪሎኸርዝ የሆነ ፋይል የቪዲዮ ዲቪዲ ለሚሠራ ሶፍትዌር ሰጥቶ «ለምን አልተቀበለኝም» ማለት የሶፍትዌር ብልሽት ሳይሆን የምርጫ ስህተት ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሶፍትዌር ሳይጠይቅ ሳምፕል ሬቱን ይለውጠውና ዝም ይላል፤ ባለቤቱም ያላሰበውን ዲስክ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የሶፍትዌሩ የሥራ መዝገብ፣ ማለትም የሎግ ፋይሉ፣ ምን ገብቶ ምን እንደወጣ ይጽፍ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ።

ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የሚባለውን ዲስክ በቤት በርነር መሥራት ስለማይቻል፣ እንደዚያ የሚያደርግ ሶፍትዌር በመፈለግ ጊዜ አያጥፉ። የብሉሬይ በርነር ላለው ሰው ያልታመቀ ስድስት ቻናል በ24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ የሚይዝ ዲስክ መሥራት ይቻላል፤ ከዚህ በታች ያለው የምርመራ አካሄድም ለእሱ ያገለግላል።

ሒሳቡ ካልሞላ ሶፍትዌሩ አይሞላም

ብዙ ሶፍትዌሮች «ፋይሉ አይደገፍም» ሲሉ ማለት የፈለጉት የመረጃው ፍሰት ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ሆኗል ነው። ፍሰቱን ለማወቅ የቢቱን ጥልቀት በሳምፕል ሬቱና በቻናሎቹ ቁጥር ማባዛት በቂ ነው። 24 ቢት በ96,000፣ ያም በ2 ቻናል ሲባዛ በሰከንድ 4.608 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ለቪዲዮ ዲቪዲ የድምጽ ጣሪያው 6.144 ሚሊዮን፣ ለዲቪዲ ኦዲዮ ደግሞ 9.6 ሚሊዮን ቢት በሰከንድ ስለሆነ ይህ በሁለቱም ላይ ይገባል። በ192 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ስቴሪዮ 9.216 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ዲቪዲ ኦዲዮ ላይ በጭንቅ ይገባል፣ ቪዲዮ ዲቪዲ ላይ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ስድስት ቻናል በ24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ሲሆን ግን ሒሳቡ 13.824 ሚሊዮን ይመጣል። ዝርዝር መግለጫው ይህን እፈቅዳለሁ ሲል ኤምኤልፒ በተባለው ድምጹን ሳያጎድል በሚያምቅ ዘዴ ታምቆ ይግባ ማለቱ ነው፤ ሳይታመቅ አይገባም። ኤምኤልፒ የሚያመርቱት የንግድ ሶፍትዌሮች ውድ ናቸው፤ ነጻው ኤፍኤፍምፔግ የያዘው ማመቂያም የሙከራ ደረጃ የሚል ምልክት ያለበት ስለሆነ፣ ያወጣውን ፋይል ዲስክ አዘጋጁ ሶፍትዌር ባይቀበለው ሊገርመን አይገባም። ያለ ማመቅ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን መውጫ አለው። ስድስቱንም ቻናል በ24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ቢያደርግ 6.912 ሚሊዮን ይሆንለታል። ሶፍትዌሩ ቻናሎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ የተለያየ ሳምፕል ሬት መስጠት የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ የፊቱን ግራና ቀኝ በ96፣ የቀሩትን አራቱን በ48 ኪሎኸርዝ ቢያስቀምጥ 9.216 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሙዚቃው አብዛኛው ዝርዝር የሚወጣው ከፊተኞቹ ሁለት ድምጽ ማጉያዎች ነውና።

የዲስኩን መጠንም እንዲሁ ያስሉ። አንድ ንብርብር ያለው ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተር 4.37 ጊጋባይት ብሎ የሚያሳየው በሌላ አቆጣጠር ስለሚቆጥር እንጂ ዲስኩ ጎድሎ አይደለም። በዚህ ላይ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ የሆነ ስቴሪዮ ቢበዛ 136 ደቂቃ፣ በ192 ኪሎኸርዝ የተቀዳው ደግሞ 68 ደቂቃ ይሆናል፤ መረጃው ሲታሸግ የሚታከልበት ስላለ ከዚህ ጥቂት ደቂቃ ዝቅ አድርጎ ማቀድ ይበጃል። ሥራው ዘጠና ከመቶ ደርሶ ሲቋረጥ ከሚያጋጥሙ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ልክ አለመሆን ነው።

ፋይሉን መመርመር

ከዚህ በታች የምነግርዎትን ዲስክ የሠራሁት ራሴ ነኝ። አሥር ትራክ ነበረው፤ ዘጠኙ በትክክል ሲጫወቱ አራተኛው ትራክ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ከባድ ዝናብ ያለ እሽታ ብቻ ይሰማ ነበር። ያንኑ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ምንም እንከን የለውም። ሁለት ዲስክ ካበላሸሁ በኋላ የሁሉንም ፋይል ዝርዝር መረጃ ጎን ለጎን አወጣሁ፤ ዘጠኙ 24 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲሆኑ አራተኛው 32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ (ክፍልፋይ የሚይዝ ቁጥር) ሆኖ ተገኘ። አራተኛውን ብቻ ኦዳሲቲ በተባለው የድምጽ ማረሚያ ላይ ጫፎቹን አስተካክዬ ነበር፤ ኦዳሲቲ ደግሞ ልዩ ትእዛዝ ካልሰጡት በቀር ውስጡ የሚሠራው በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ነው፤ እኔም ሳስቀምጠው ያንኑ ዓይነት መርጬ ነበር። የኮምፒውተር ማጫወቻ ይህን ዓይነት ፋይል ስለሚያውቀው በትክክል ያጫውተዋል፤ ዲስክ አዘጋጁ ሶፍትዌር ግን ቁጥሮቹን እንደ ተራ ሙሉ ቁጥር አንብቦ እንደመጣ ጻፋቸው። መፍትሔው ፋይሉን 24 ቢት አድርጎ እንደገና ማውጣት ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው የምርመራ ስልት ቀላል ነው፦ እሽታው በአንድ ትራክ ብቻ ከሆነ ፋይሉን ይጠርጥሩ፤ በሁሉም ትራክ ከሆነ ሶፍትዌሩን ይጠርጥሩ። ዋቭ በሚባለው ያልታመቀ የድምጽ ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ናሙና ባይቶች ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ፣ በዲቪዲ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ለ24 ቢት ደግሞ የላይኞቹ 16 ቢቶች ቀድመው፣ የታችኞቹ 8 ቢቶች ተከትለው እንዲገቡ በቡድን በቡድን ይለያያሉ። ይህን ድርድር የሚያዛባ ጥፋት ያለበት የሶፍትዌር ስሪት 16 ቢቱን በትክክል እየጻፈ 24 ቢቱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከዚያው ሙዚቃ የ16 ቢት ቅጂ አዘጋጅቶ መሞከር ጥሩ መለያ ነው፤ 16 ቢቱ ጤናማ ከሆነ ስሪቱን መቀየር ይገባል።

ድምጹ እየወጣ ፍጥነቱ ከተዛባ ደግሞ ጆሮ ራሱ መልሱን ይሰጣል። ሙዚቃው በግማሽ ፍጥነት፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ የሚጫወት ከሆነ 96 ኪሎኸርዝ የሆነ ፋይል 48 ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ድምፃዊው ትንሽ ቀጥኖና ተጣድፎ፣ ወደ አንድ ተኩል ሴሚቶን ከፍ ብሎ ከተሰማ ደግሞ 44.1 የነበረው በ48 እየተጫወተ ነው። በሁለቱም የተሳሳተው ሙዚቃው ሳይሆን የፋይሉ ራስጌ (መጀመሪያው ላይ ያለው፣ ቅርጹን የሚገልጸው መረጃ) ወይም ሶፍትዌሩ ራስጌውን ያነበበበት መንገድ ነው። ራስጌው ለስድስት ቻናል ፋይሎች የተራዘመ ዓይነት ስለሚሆን፣ ቆየት ያለ ሶፍትዌር ስቴሪዮውን እያነበበ ባለስድስት ቻናሉን «ያልታወቀ ቅርጽ» ሊለው ይችላል። ሶክስ ወይም ኤፍኤፍምፔግ በተባሉት የድምጽ መለወጫዎች ውስጥ አሳልፎ በአዲስ ራስጌ ማስጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

በስድስት ቻናል ሥራ ላይ የቻናሎቹ ቅደም ተከተልም ይታያል። የተለመደው የዋቭ ድርድር ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ የጥልቅ ድምጽ ቻናል፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ ነው፤ አንዳንድ የድምጽ ማቀናበሪያ ግን መሃሉን ሁለተኛ ላይ አድርጎ ያወጣል። ዘፋኙ ከቀኝ በኩል ብቻ ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ በራስዎ ድምጽ የሚቀዱት የሙከራ ፋይል ነው፤ በእያንዳንዱ ቻናል ላይ የቻናሉን ስም ብቻ ይናገሩና ዲስኩ ላይ መጀመሪያ እሱን ያስገቡ።

ሌሎቹ ጉዳዮች አጭር ናቸው። አንድ ተራ የዋቭ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም፤ ስድስት ቻናል በ24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ ይህ ጣሪያ ከ41 ደቂቃ በኋላ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ተቆርጦ ቢቀር ወይም የፋይሉ ርዝመት በስህተት ቢነበብ ነገሩ ይኸው ነው። ድምጹ ሳይጎድል የታመቁት የፍላክ ፋይሎች የራሳቸውን መፈተሻ ቁጥር በውስጣቸው ይዘው ስለሚዞሩ ከሥራው በፊት በፍላክ የመፈተሻ ትእዛዝ ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል። የፋይል ስም በእኛ ፊደል የጻፈ ሰው ደግሞ በተለይ በትእዛዝ መስመር በሚሠሩ ሶፍትዌሮች «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ቢያገኝ አይደነቅ፤ ብዙዎቹ የተጻፉት የላቲን ፊደልን ብቻ በማሰብ ነው። በስሙ መካከል ያለ ክፍት ቦታም ያንኑ ጣጣ ያመጣል። ፋይሎቹን አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ አስገብቶ በቁጥር ብቻ መሰየም፣ እውነተኛውን ስም ለዲስኩ ሽፋን ማቆየት ይሻላል።

በትራኮች መካከል የሚሰማ ቀጭታ

ሳይቋረጥ ለሚሄድ ሙዚቃ ይህ ከሁሉም ጥፋቶች አስቀያሚው ነው። በቪዲዮ ዲቪዲ ላይ ያልታመቀ ድምጽ የሚቀመጠው የሰከንድ 600ኛ በሆኑ ቁርጥራጮች ነው፤ በ96 ኪሎኸርዝ ይህ 160 ናሙና ይሆናል። የትራኩ ርዝመት በ160 ሳይካፈል ሲቀር ሶፍትዌሩ የጎደለውን በዝምታ ይሞላል፤ ሙዚቃው ገና በሚጮህበት ቅጽበት ድንገት ዜሮ ሲገባ ጆሮ «ቀጭ» የሚል ድምጽ ይሰማል። ትራኮቹን ሲቆርጡ መቁረጫውን በሲዲ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ 75ኛ ላይ እንዲያርፍ ካደረጉት ችግሩ ይቀረፋል፤ አንድ የሲዲ ፍሬም ልክ ስምንት የዲቪዲ ቁርጥራጭ ስለሆነ ትርፍ አይኖርም። አንዳንድ ሶፍትዌር ደግሞ ትርፉን ወደሚቀጥለው ትራክ የማሻገር ምርጫ አለው፤ ካለው እሱን ያብሩ።

በዲቪዲ ኦዲዮ ላይ ያለው ሌላ ምክንያት የቅርጽ መለያየት ነው። በአንድ የትራኮች ቡድን ውስጥ 96 ኪሎኸርዝ ትራክን 48 ከተከተለው ማጫወቻው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠውን መቀየሪያ እንደገና ማሰናዳት ስላለበት አፍታ ዝም ይላል። ይህን የትኛውም የሶፍትዌር ቅንብር አያስቀረውም፤ ትራኮቹን በአንድ ቅርጽ ማድረግ ወይም ዝምታውን መቀበል ነው።

ከመጻፍ በፊት ኢሜጁን መፈተሽ

ሶፍትዌሩ በቀጥታ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ አይፍቀዱለት። መጀመሪያ የአይኤስኦ ኢሜጅ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ይዘት በአንድ ፋይል የያዘ ቅጂ፣ ያሠሩት፤ ኢሜጁ የሚቀመጥበት ድራይቭ ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተሰናዳ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ሥራው መጨረሻው ላይ ይሰበራል፤ ይህንንም ብዙ ሰው የሶፍትዌሩ ብልሽት ይመስለዋል። ኢሜጁ ከተሠራ በኋላ እንደ ዲስክ አድርገው ይክፈቱትና ውስጡን ይዩ። የድምጹ ፎልደር፣ ኦዲዮ ቲኤስ የሚባለው፣ ከዲስኩ ሥር በቀጥታ መቀመጥ አለበት፤ በሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ማጫወቻው አያገኘውም። ስሙም በላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የግርጌ ሰረዝ ገብቶበት ይጻፋል። በውስጡ የማውጫ ፋይሎች፣ የእነሱ መጠባበቂያ ቅጂዎችና ድምጹን የያዙት ከ1 ጊጋባይት የማይበልጡ ፋይሎች ሊኖሩ ይገባል። የድምጹ ፋይሎች ድምር ከላይ ካሰሉት መጠን በጣም ካነሰ ሶፍትዌሩ አንድ ትራክ ዘሏል ማለት ነው።

ፎልደሩን በራሳቸው ወስደው እንደ ተራ የዳታ ዲስክ በርን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንድ ማጫወቻ ያልፍላቸዋል፣ ብዙው ግን አይቀበልም። የዲቪዲ የፋይል ሥርዓት ዩዲኤፍ 1.02 ከአይኤስኦ 9660 ጋር የተጣመረበት ሲሆን፣ የማውጫ ፋይሎቹም በተወሰነ ቦታ ላይ መቀመጥ ስላለባቸው ይህን የሚያውቅ መሣሪያ መጠቀም ያስፈልጋል። ኤምኬአይኤስኦኤፍኤስ የተባለው ኢሜጅ መሥሪያ ለዲቪዲ ኦዲዮ የተለየ ምርጫ አለው። የተዘጋጀውን ኢሜጅ ለመጻፍ ኢምግበርን ወይም ተመሳሳዩ በቂ ነው።

ለሙከራ ተደጋግሞ የሚጻፍበትን ዲስክ ይጠቀሙ፤ ማጫወቻው ይህን ዓይነት ዲስክ የማያነብ ከሆነ ግን ሙከራው ያሳስታል። ለመጨረሻው ቅጂ የበርነሩን የመጨረሻ ፍጥነት ትተው በመካከለኛ ፍጥነት ይጻፉ፤ ከተጻፈ በኋላም የማረጋገጥ ምርጫው ይብራ፤ ዲስኩም ተጨማሪ እንዳይጻፍበት መዘጋት (ፋይናላይዝ መደረግ) አለበት። ዲቪዲ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚጻፍ የመጀመሪያዎቹ ትራኮች ጤናማ ሆነው የመጨረሻዎቹ ብቻ የሚቆራረጡ ከሆነ ጥፋቱ የጽሕፈቱ ወይም የባዶው ዲስክ ነው፤ ሶፍትዌሩን ይተውት። በ192 ኪሎኸርዝ የተሠራ ዲስክ ለዚህ ይበልጥ ስሱ ነው፤ የአንድ እጥፍ ፍጥነት ንባብ በሰከንድ 11.08 ሚሊዮን ቢት ሲሆን ሙዚቃው ብቻውን 9.216 ሚሊዮኑን ይወስደዋል። ዲቪዲ ፕላስ አር የተባለውን የባዶ ዲስክ ዓይነት ማጫወቻው አልቀበልም ካለ፣ በርነሩ የዲስኩን የዓይነት መለያ ወደ ዲቪዲ ሮም እንዲቀይረው ማዘዝ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ማጫወቻው ሲያሳስት

ኮምፒውተሩ ዲስኩ ላይ ምንም የለም ካለ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ አብዛኛው የኮምፒውተር ማጫወቻ የኦዲዮ ፎልደሩን ጭራሽ አይመለከትም። ፉባር 2000 የተባለው ማጫወቻ ተገቢው ተጨማሪ ክፍል ሲጫንለት ግን ይከፍተዋል። በቤት ማጫወቻ ላይ ደግሞ ዲስኩ ሁለቱንም ፎልደር የያዘ ከሆነ መጀመሪያ ቪዲዮውን እንዲመርጥ ተቀናብሮ ሊሆን ይችላል፤ በምርጫዎቹ ውስጥ ይህን የሚቀይር ቦታ ይፈልጉ።

ዲስኩ እየተጫወተ ማሳያው 48 ኪሎኸርዝ የሚል ከሆነ ሽቦውን ይመልከቱ። ብዙ ማጫወቻዎች በኦፕቲካል ወይም በኮአክሲያል መውጫ 96 ኪሎኸርዙን ወደ 48 ዝቅ አድርገው ያወጡታል፤ የዲቪዲ ኦዲዮው ከፍተኛ ጥራትም በዚያ መንገድ አያልፍም። በአናሎግ መውጫዎቹ ወይም፣ ዲቪዲ ኦዲዮን መሸከም ከጀመረበት ከስሪት 1.1 ወዲህ ባለ ኤችዲኤምአይ ማገናኘት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ስንት ሰው ጤናማ ዲስኩን እንደገና ሲሠራ እንደዋለ ሳስብ ይቆጨኛል።

ሁሉም ደህና መስሎ ጥርጣሬ ከቀረዎት ድምጹን ከዲስኩ መልሰው አውጥተው ከምንጩ ጋር ያነጻጽሩ። ዲቪዲኤ ኦተር ይህን የማውጣት አገልግሎት አለው። የወጣውንና የመጀመሪያውን ፋይል ኦዳሲቲ ላይ በሁለት መስመር ያስገቡ፤ መነሻቸውን በናሙና ልክ ያጋጥሙ፤ የአንዱን ሞገድ «ኢንቨርት» በሚለው ትእዛዝ ገልብጠው ሁለቱን ያዋህዱ። ፍጹም ዝምታ ከወጣ ሶፍትዌሩ አንድም ቢት አልነካም። ሙዚቃው በቀጭኑ ከተሰማ መጠኑ ተቀይሯል ወይም መነሻቸው በትክክል አልተጋጠመም፤ ወጥ የሆነ ስስ እሽታ ብቻ ከቀረ ደግሞ የቢት ጥልቀቱ በመንገድ ላይ ተቀንሶ ዲተር (ቅነሳው ያመጣውን መዛባት የሚሸፍን ስስ ጫጫታ) ተጨምሮበታል፤ ያን ጊዜ ወደ ሎግ ፋይሉ ተመልሰው 24 የገባው ስንት ሆኖ እንደወጣ ያንብቡ።